ምዕራፍ ሰባት፦ የበጋ መንገድ ሥራ በገጠር ወረዳ

የገጠር ወረዳ የመንገድ ሥራ ከከተማው የሚከብደው አማራጭ ስለሌለው ነው። ከተማ ውስጥ አንድ አደባባይ ሲቆፈር ሹፌሩ እየተማረረም ቢሆን በሌላ ሰፈር ዞሮ ይወጣል። ብዙ የገጠር ወረዳ ግን ከዋናው አስፋልት የሚገናኘው በአንድ ጠጠር መንገድ ብቻ ነው። ማዳበሪያው በዚያው ይገባል፣ እህሉ በዚያው ይወጣል፣ አምቡላንሱ በዚያው ይመላለሳል፣ ገበያተኛውም አህያውን በዚያው ይነዳል። ይህ መንገድ ለጥገና ተዘጋ ማለት ወረዳው ተዘጋ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው መንገድ በኢትዮጵያ በአጭር ጊዜ ውስጥ በዝቷል። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1989 ዓ.ም. ማብቂያ ሲጀመር የአገሪቱ የመንገድ መረብ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በተለምዶ «ዩራፕ» እየተባለ የሚጠራው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ተጨመረ፤ ዓላማውም ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ማገናኘት ነበር። በ2007 ዓ.ም. መረቡ ከ100,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። የተሠራ ሁሉ ደግሞ ጥገና ይፈልጋል። ስለዚህ በገጠር የሚታየው የመንገድ ሥራ ውሎ ሲያድር የተከፈተውን ማደስ፣ ቱቦ መለወጥ፣ ጠጠሩን ወደ አስፋልት ማሳደግ ሆኗል። ለተጓዡ ይህ ለውጥ ቀላል አይደለም። አዲስ መንገድ ሲቀደድ የሚስተጓጎል መኪና የለም፤ ነባሩ ሲታደስ ግን ግሬደሩም አይሱዙውም አህያውም በአንድ ወርድ ላይ ይጋፋሉ።

ሦስት የጊዜ ሰሌዳዎች

የመንገድ ሥራ መቼ እንደሚካሄድ የሚወስነው ቀዳሚው ነገር ዝናብ ነው። በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዋናዎቹ ናቸው። በእነዚህ ወራት የአፈር ሥራ የማይሠራው ሠራተኛው እንዳይበሰብስ ታስቦ አይደለም። አፈር በደንብ የሚጠቀጠቀው በተወሰነ የእርጥበት መጠን ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ውሃ ሲበዛበት ሮለሩ በሄደበት እንደ ሊጥ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ሲደርቅም እርስ በርሱ ሳይያያዝ ይቀርና መጀመሪያ ያለፈው ከባድ መኪና ያፈርሰዋል። የደረቀውን ውሃ በማርከፍከፍ ማስተካከል ይቻላል፤ የጨቀየውን ማድረቅ ግን የፀሐይ ሥራ ነው። በጋ የመንገድ ሠሪዎች ወቅት የሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የበጀት ዓመት ነው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይከፈትና ሰኔ 30 ይዘጋል። ይህም ማለት አዲሱ ገንዘብ የሚለቀቀው ዝናቡ በበረታበት፣ አካፋ መንካት በማይቻልበት ወር ነው። ይህ ራሱ ክፋት የለውም፤ ክረምቱ ለጨረታ፣ ለውልና ለቅየሳ ቢውል መስከረም ሲጠባ ማሽኑ ከቦታው ይገኛል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ጨረታው መስከረም ላይ ይወጣል፣ ውሉ ጥቅምት ላይ ይፈረማል፣ ቅድሚያ ክፍያው ሲጠበቅ ኅዳር ይጋመሳል፤ ማሽን ተጭኖ፣ ካምፕ ተተክሎ፣ የገረጋንቲ ማውጫው ቦታ ተፈቅዶ ሥራው የሚጀመረው ታኅሣሥ ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ ጅራት ደግሞ የባሰ ነው። ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን በግንቦትና በሰኔ ሩጫ ይጀመራል። ሰኔ አጋማሽ ላይ የተበተነ ገረጋንቲ ሐምሌ ላይ ከጭቃው ጋር ተለውሶ ይገኛል፤ በሪፖርቱ ላይ ግን መንገዱ ተጠግኗል።

ሦስተኛው የአዝመራ ሰሌዳ ሲሆን፣ በዕቅድ ሰነድ ላይ እምብዛም ቦታ የማይሰጠው እሱ ነው። መኸር የሚሰበሰበው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ገበሬው የሚሸጥ እህል የሚኖረው፣ ነጋዴው መኪና ይዞ ወደ ገጠር የሚዘልቀው፣ ዕዳ የሚከፈለውና ልጅ የሚዳረው በእነዚህ ወራት ነው። ገና በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ጥምቀት ጥር 11 ይውላሉ፤ ከከተማ ወደ አገር ቤት የሚገባው ሰው ይበዛል፤ ጥርም የሠርግ ወር ነው። መንገዱ ሊሠራ የሚችልበት ጊዜና ከሁሉ በላይ የሚፈለግበት ጊዜ አንድ ሆነው ተገጣጠሙ ማለት ነው። በገጠር የመንገድ ሥራ ላይ የሚነሳው ምሬት አብዛኛው ከዚህ ግጥምጥሞሽ ይመነጫል፤ የማሽኑ ወይም የሹፌሩ ጥፋት ተደርጎ የሚታየው ብዙው መስተጓጎል ቢሮ ውስጥ ሰሌዳው ሲወጣ ያለቀለት ነው።

ግጭቱ ከሁሉ ይልቅ የሚያመው በቡና አካባቢዎች ነው። ጤፍ ወይም በቆሎ ጎተራ ገብቶ መንገድ እስኪከፈት ይጠብቃል። እሸት ቡና ግን አይጠብቅም። ቀዩ ፍሬ በተለቀመበት ቀን ወደ መፈልፈያ ጣቢያ ካልደረሰ መብላላት ይጀምርና ጥራቱ ይወርዳል፤ ጥራቱ ሲወርድ ዋጋውም ይወርዳል። ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በሚበረታበት በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በጅማ ወይም በወለጋ ቀበሌዎች ውስጥ መንገድን ከቀትር እስከ ምሽት መዝጋት የዚያን ቀን ለቀማ ማበላሸት ነው። ሥራውን ወደ ጠዋት ማዞር ግን ብዙ ጊዜ ወጪ የለውም፤ ጠዋት ፍሬው ገና ዛፍ ላይ ነውና።

ወቅቱም በአገሩ ሁሉ አንድ አይደለም። በልግ በሚዘንብባቸው የወሎና የሰሜን ሸዋ ደጋዎች የካቲት ላይ ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል የመንገድ ሠሪው በጋ በጣም ያጥራል። በቦረናና በሶማሌ ክልል ደቡባዊ ክፍል ደግሞ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ሲሆን፣ ሌላው አገር በጭቃ በሚያዝበት ሐምሌ መሬቱ ደረቅ ነው። ከማዕከል የሚወጣ አንድ ወጥ የጊዜ ሰሌዳ ለነዚህ አካባቢዎች አይበጅም።

መንገዱ የማን ነው

ተጓዡ መንገድን የሚያውቀው በሚያደርሰው ከተማ ስም ነው፤ አስተዳደሩ ግን በባለቤት ይከፋፍለዋል። አውራ ጎዳናዎቹና ዋና ዋና መጋቢዎቹ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ናቸው። ይህ መሥሪያ ቤት በ1943 ዓ.ም. አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተብሎ የተቋቋመው ነው፤ በየአገሩ የቆዩ ሰዎች ዛሬም «አውራ ጎዳና» ይሉታል። ቀጥሎ ያሉት መንገዶች በየክልሉ መሥሪያ ቤት ሥር ሲሆኑ፣ የቀበሌ መንገዶች ወደ ወረዳው ይወርዳሉ። ለጥገና የሚሆነው ገንዘብ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው የመንገድ ፈንድ በኩል በተለይ ከነዳጅ ላይ ከሚሰበሰብ ክፍያ ይመጣል፤ ይሁንና ፈንዱ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ እየሳሳ ይሄዳል። ወረዳው ብዙውን ጊዜ ያለው የሰው ጉልበት ነው። በጥርና በየካቲት ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ በሚወጣባቸው ቀናት አብሮ የመንገድ ቦይ ይጠረጋል፣ ጉድጓድ በድንጋይ ይሞላል።

ክፍፍሉ ለትራፊኩ የሚያመጣው ጣጣ ማን እንደሚጠየቅ አለመታወቁ ነው። የክልል መንገድ ላይ ያለ ቱቦ በፌዴራሉ ተቋራጭ መኪኖች ሊሰበር ይችላል፤ የወረዳው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ስለ መዘጋቱ የሚሰማው ሹፌሮች ተመልሰው ሲመጡ ነው።

ምን ሲሠራ ስንት ጊዜ ይዘጋል

ሥራዎቹ በሚያስከትሉት መስተጓጎል በጣም ይለያያሉ። ቀላሉ ግሬደር ማስገባት ነው። ቢላውን አጋድሞ የተሸረሸረውን ጠጠር ከዳር ወደ መሃል ይመልሳል፣ ጉብታውን ይቆርጣል፣ ጀርባውን ከፍ አድርጎ ውሃ ወደ ጎን እንዲፈስ ያደርጋል። መኪና በአጠገቡ ያልፋል፤ የሚዘጋ ነገር የለም።

ገረጋንቲ ማልበስ ከበድ ይላል። የጠጠር መንገድ የላይ ልባስ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኖረዋል። ከዚህ ላይ ጎማና ዝናብ በየዓመቱ ከአንድ እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይወስዳሉ፤ በገደላማ ቦታና ብዙ መኪና በሚሄድበት የበለጠ ነው። ተጓዡ ፊት ላይ በበጋ የሚቦነው አቧራ ይኸው ልባስ በደቃቁ ሲጠፋ ነው። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ትልልቁ ድንጋይ ብቻ ቀርቶ ኮረኮንች ይሆናል፣ እንደገናም መልበስ ይኖርበታል። ለዚህ ሲኖትራኮች ከማውጫው ይመላለሱና ጭነታቸውን በመንገዱ አንድ ጎን በረድፍ ይደፋሉ። ክምሩ ተበትኖ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ተጠቅጥቆ እስኪያልቅ ድረስ ግማሽ መንገድ የለም። ቀን ይህ መዘግየት ብቻ ነው። ሌሊት ግን መብራት በሌለበት አገር ጥቁር የአፈር ክምር ከጨለማው አይለይም፤ ሞተር ሳይክል ነጂዎች የሚጎዱት ከሁሉ በላይ በዚህ ነው። ማታ ላይ ያልተበተነ ክምር አለማሳደር ከማናቸውም ምልክት የተሻለ ጥንቃቄ ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው ጉዳይ ውሃው ነው። አፈሩ እንዲጠቀጠቅ የውሃ ቦቴ ሳያቋርጥ መመላለስ አለበት። በበጋ ወንዙ ቀጥኖ ከብቶች የሚጠጡባት፣ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡባት አንዲት ኩሬ በቀረችበት ጊዜ ቦቴው ፓምፑን የሚዘረጋው እዚያችው ኩሬ ላይ ነው። በተቋራጭና በአካባቢው ነዋሪ መካከል የሚነሳው ጠብ ከመንገዱ ይልቅ በውሃው የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ቀበሌው ሰዓት ሲያስቀምጥ፣ ለምሳሌ ከብቱ ከቀትር በፊት ጠጥቶ ቦቴው ከሰዓት እንዲቀዳ ሲያደርግ፣ ነገሩ ይረግባል።

ቱቦ መለወጥና የውሃ መሻገሪያ መሥራት ርዝመቱ ትንሽ፣ ጊዜው ግን ብዙ ነው። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ይቆረጣል። ኮንክሪት ደግሞ በችኮላ አይሆንም። በመጀመሪያው ሳምንት ከጥንካሬው አብዛኛውን ያገኛል፤ ለስሌት የሚያዘው ጥንካሬ የሚለካው ግን በ28 ቀኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናትም እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ በጠራራ ፀሐይ ጆንያ አልብሶ ጠዋትና ማታ ውሃ ማጠጣት የግድ ነው። ላዩ ነጭ ሆኖ የደረቀ ኮንክሪት ያየ ሹፌር «ይኸው ደርቋል፣ ለምን አያሳልፉንም» ይላል። ውስጡ ግን ገና ነው፤ በአምስተኛው ቀን ከባድ ጭነት የያዘ መኪና ቢወጣበት የሚፈጠረው ስንጥቅ የሚታየው በሁለተኛው ክረምት ነው። ወርዱ ሲፈቅድ አንዱን ግማሽ ሠርቶ፣ መኪናውን በዚያ አሳልፎ፣ ሌላውን ግማሽ መሥራት ይቻላል። ጊዜው ይረዝማል፣ መንገዱ ግን አይቆረጥም። ከፋብሪካ የወጣ ቱቦ መቅበርም ጊዜውን ያሳጥረዋል፤ ቱቦው የሚያሳልፈው ውሃ ግን ውስን በመሆኑ ትልቅ ጎርፍ ለሚወርድበት ሸለቆ አይሆንም።

አለት ባለበት ተራራ ላይ መንገድ ማስፋት ሲመጣ ድማሚት ይገባል። ቁፋሮው ቀኑን ሙሉ ይካሄዳል፤ ፍንዳታው ግን የደቂቃ ነገር ነው። መንገዱ የሚዘጋው ከፍንዳታው በፊት አካባቢውን ከሰውና ከከብት ለማጥራት፣ ከፍንዳታው በኋላም ያልፈነዳ መኖሩን ለመፈተሽና የወረደውን ድንጋይ በሎደር ለመጥረግ ነው። በዚህ ላይ አንድ ሰዓት ማለት ሦስት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ፍንዳታውን ከቀን ወደ ቀን በማይለወጥ ሰዓት ማድረግ ለእረኛውም ለሹፌሩም ትልቅ እፎይታ ነው።

ተለዋጭ መንገድ

ነባሩ መንገድ ሲቆረጥ ከጎኑ ዶዘር ጊዜያዊ መተላለፊያ ይጠርጋል። በዕቅድ ሰነድ ላይ ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ በተግባር ግን የአንድ ወረዳ የሦስት ወር ኑሮ የሚወሰነው በዚህ መተላለፊያ ጥራት ነው።

ዋናው ፈተና ጥቁር አፈር ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ብቻ ከ7 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍነው ይህ መረሬ መሬት ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በበጋ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር ተቋራጩ ምንም ሳያለብስ መኪናውን ይለቅበታል። ያለ ወቅቱ አንድ ሌሊት ከዘነበ ግን ነገ ጠዋት አውቶቡሱ እስከ ሆዱ ይገባበታል። ጥቁር አፈር ላይ የሚያልፍ ተለዋጭ መንገድ ቀጭንም ቢሆን ገረጋንቲ ያስፈልገዋል፤ ወንዝ የሚሻገር ከሆነም ውሃው ሥር ለሥር የሚያልፍበት ቱቦ መቀበር አለበት። ይህን ወጪ የሚቆጥብ ተቋራጭ ኋላ ላይ መኪና በሎደር እየጎተተ ያወጣል፤ ሎደሩ ሥራ ፈታ ማለት ነው።

መተላለፊያው የሚያርፈው ደግሞ በአንድ ሰው ማሳ ላይ ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ገለባማ መሬት ለቀያሹ ባዶ ይመስላል፣ ገበሬውም ለአገር ልማት ብሎ እሺ ይላል። ጣጣው የሚመጣው ሲያርስ ነው። ሦስት ወር ሲኖትራክ የረገጠው አፈር ማረሻ አያስገባም፤ ደጋግመው ካላረሱት፣ አንዳንዴም በማሽን ካላስፈነቀሉት ምርቱ ለዓመታት ይቀንሳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161 ለጊዜው ከመሬታቸው ለሚነሱ ባለይዞታዎችም ካሳ ይፈቅዳል። ስለዚህ ለተለዋጭ መንገድ የሚሆነው መሬት በቃል ስምምነት ሳይሆን በወረቀት፣ በስፋትና በጊዜ ተለክቶ ሊያዝ ይገባዋል። ከመንገዱ አጠገብ ያለ አውድማም ሊታሰብበት ይገባል፤ ጤፍ በሚወቃበት ሳምንት መኪናውን በአውድማው ጥግ ማሳለፍ እህሉን በአቧራ መለወስ ነው። በርበሬ የሚያሰጡ መንደሮችም ይህን ያውቁታል።

ጭራሽ ተለዋጭ ሊቀደድ የማይችልባቸው ቦታዎች አሉ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል፤ ወገቡ ላይ የሚንሸራተት መሬት አለው። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ የወንዙን መሻገሪያ ነገር አቃልሎታል፤ ቁልቁለቱና አቀበቱ ግን እየተሰነጠቀና እየሰመጠ በተደጋጋሚ ጥገና ፈልጓል። እዚህ ላይ መዝጋት ማለት ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚሄደውን በአምቦ–ነቀምት–ቡሬ ወይም በደሴ–ወልዲያ–ወረታ ማዞር ነው፤ በሁለቱም በኩል ጉዞው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ ጠመዝማዛም ከዚህ የተለየ አይደለም። እንዲህ ባለ ቦታ ያለው ምርጫ አንድ ነው፦ በግማሽ ወርድ መሥራትና በቀሪው ግማሽ ተራ በተራ ማሳለፍ።

ተራ ማሳለፍ

በግማሽ መንገድ ማሳለፍ በሜዳ ላይ ቀላል ነው። ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ የያዙ ሁለት ሰዎች በሁለት ጫፍ ይቆማሉ፣ ይተያያሉ፣ ይለቃሉ። ጠመዝማዛ ላይ ግን አይተያዩም። ሬዲዮ ወይም የስልክ ኔትወርክ ካለ ችግሩ ይፈታል፤ ገደል ውስጥ ግን ኔትወርክ አይታመንም። ለዚህ የቆየና የማይሳሳት ዘዴ አለ። ከአንዱ ጫፍ ለሚለቀቀው የመጨረሻ መኪና ሹፌር አንድ ዱላ ይሰጠዋል፤ ከሌላው ጫፍ ያለው ባንዲራ ያዥ ዱላውን ካልተቀበለ በስተቀር ማንንም አይለቅም። ዱላው አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለት ተቃራኒ ሰልፍ መሃል ላይ ሊገናኝ አይችልም። የሚያበላሸው ባለጉዳይ ነኝ ብሎ ከሰልፍ ወጥቶ የሚገባ መኪና ነው፤ በተለይ ባለ ብዙ ሥልጣኑ።

የገጠር ሹፌሮች የራሳቸው የማስጠንቀቂያ ልማድ አላቸው፦ የተበላሸ መኪና ጀርባ ላይ ድንጋይ መደርደርና ቅጠል መጣል። ቅጠሉን ያየ ሁሉ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሠራተኞችም ምልክት ሲያጡ ይህንኑ ይጠቀማሉ። መጥፎው ነገር ድንጋዩ ሥራው ካለቀ በኋላ እዚያው መቅረቱ ነው፤ ማታ ላይ መሃል አስፋልት የተረሳ ድንጋይ ከጉድጓዱ ይብሳል። አንጸባራቂ ሠሌዳም ቢሆን ብረቱና ቆርቆሮው ስለሚፈለግ ብዙ አይቆይም፤ በኖራ የተቀባ በርሜል አፈር ተሞልቶበት ሲቆም ዕድሜው ይረዝማል።

ገበያ፣ ታሪፍና አምቡላንስ

ወረዳው ውስጥ የትራፊክ ቆጠራ ቢደረግ ቁጥሩ ከቀን ቀን በጣም ይለያያል። የአገሪቱ የመንገድ ንድፍ መመሪያ አነስተኛ ትራፊክ ያለው የሚለው በቀን እስከ 300 ተሽከርካሪ የሚያስተናግደውን መንገድ ነው፤ የብዙ ቀበሌ መንገዶች ከዚህ በጣም ያንሳሉ። የገበያ ቀን ግን ሌላ ነው። ማክሰኞ ባዶ የነበረው መንገድ ቅዳሜ በአህያ፣ በጋሪ፣ በባጃጅና በእግረኛ ይሞላል። መሐንዲሱ የሚቆጥረው መኪና ስለሆነ ይህ ሕዝብ በሰነዱ ላይ አይታይም። መንገዱን የሚያቋርጥ ሥራ በገበያ ቀን አለማድረግ፣ ቢያንስ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓትና ገበያው ሲፈታ ማሳለፍ፣ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው። ሠራተኞቹ ራሳቸው አብዛኞቹ የአካባቢው ልጆች ስለሆኑ በገበያ ቀንና በየወሩ በሚከበሩት በዓላት፣ በ12 ሚካኤልም ሆነ በ21 ማርያም፣ ብዙም አይገኙም።

መንገድ ሲቆረጥ ሰዉ ዝም ብሎ አይቀመጥም። መኪናው ከተቆረጠው ቦታ ወዲህ ያራግፋል፤ ተሳፋሪው ጓዙን በትከሻው ይዞ ወደ ማዶ ይሻገርና ሌላ መኪና ይይዛል። ባጃጆች በሁለቱም በኩል ይሰለፋሉ፣ ሸክም ተሸካሚ ወጣቶች ይሰበሰባሉ፣ ቆሎና ውሃ የሚሸጡ ልጆች ይመጣሉ። በዚህ መካከል የሚናጋው ታሪፍ ነው። የሕዝብ ማመላለሻ ታሪፍ በኪሎ ሜትርና በመንገዱ ዓይነት፣ አስፋልት ወይም ጠጠር ተብሎ የሚወጣ ነው፤ መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ተሳፋሪው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ ረዳቱም «መንገዱን እያየኸው» ብሎ ይጨምርበታል። የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ለሥራው ጊዜ የሚሆን ጊዜያዊ ታሪፍ አስቀድሞ አውጥቶ መናኸሪያው ላይ ካልለጠፈ ዋጋው በጉልበተኛ ይወሰናል።

ማዳበሪያ ሌላው ጉዳይ ነው። በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገባው ማዳበሪያ ወደ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን የሚጓዘው በበጋውና በበልጉ ወራት ሲሆን፣ ከዘር ወቅት በፊት መድረስ አለበት። ከባድ ተሳቢ ጠባብ ተለዋጭ መንገድ ላይ መዞር አይችልም። ስለዚህ የማኅበሩ መጋዘን ከሥራው ቦታ ማዶ ከሆነ ጭነቱን አስቀድሞ ማሻገር ወይም ወዲህ ማዶ ጊዜያዊ መጋዘን መያዝ የዕቅዱ አካል መሆን አለበት።

ለአምቡላንስ የሚበጀው መፍትሔ ቀላል ነው። ወረዳው ያለው አምቡላንስ አንድ ቢሆን፣ ከጎረቤት ወረዳ ጋር ተነጋግሮ ከተቆረጠው ቦታ ማዶ ሌላ ተሽከርካሪ ማቆም፣ ታማሚውን በቃሬዛ ማሻገርና መቀበል። የመውለጃቸው ቀን የቀረበ እናቶችን ደግሞ ጤና ጣቢያው ውስጥ ወዳለው የእናቶች ማቆያ መንገዱ ሳይዘጋ ማስገባት ይቻላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የነፍሰ ጡሮቹን ስም ዝርዝር በእጇ ስለያዘች የሚጎድለው የመንገዱ መዘጊያ ቀን ብቻ ነው።

ወሬው እንዴት ይደርሳል

የመንገድ ሥራ ማስታወቂያ በደብዳቤ ከተቋራጩ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳው ወደ ቀበሌ ይወርዳል፤ ቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፈዋል። ገበሬው ግን ሰሌዳ ለማንበብ ቀበሌ አይሄድም። ወሬ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ይሻላል፦ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ በእድር ስብሰባ፣ በገበያ ቀን ደግሞ መኪና ላይ በተጫነ ሞንታርቦ። ለሹፌሮች የሚሻለው ቦታ የመናኸሪያው ስምሪት መስኮት ነው፤ መውጫ ወረቀት ሳይቆርጥ የሚወጣ የለምና። ከአስፋልቱ መገንጠያ ላይ የሚቆም ሠሌዳም ዋጋው ትልቅ ነው። መንገዱ መዘጋቱን 30 ኪሎ ሜትር ከገባ በኋላ የሚያውቅ የጭነት መኪና ሹፌር መመለሻ ነዳጁን ማን ይከፍለዋል?

የማስታወቂያው ይዘት ሦስት ነገር ይበቃዋል፦ ከየት እስከ የት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ እስከ መቼ። ሰዓቱ በአገሬው አቆጣጠር መጻፍ አለበት፤ ከውጭ ተቋራጭ ጋር በሚሠራባቸው ቦታዎች 8 ሰዓት የተባለው ጠዋት ነው ከሰዓት በሚል ውዥንብር ሰልፈኛ ፀሐይ ላይ የቀረበት ጊዜ አለ። ቀኑ ሲለወጥ ደግሞ ለውጡ በዚያው መንገድ መነገር አለበት። በተባለው ቀን ያልተዘጋ መንገድ ሁለተኛ ጊዜ ሲዘጋ የሚያምን አይገኝም።

ርክክብ

ሥራው ሲያልቅ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል። አማካሪው ከተቋራጩና ከባለቤቱ ጋር መንገዱን በእግር ሄዶ የጎደለውን ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ የጉድለት ማስተካከያ ጊዜ ይቆጠራል፣ ብዙ ጊዜም አንድ ዓመት ነው። አንድ ዓመት የተባለው አለምክንያት አይደለም፦ መንገዱ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ሊያሳልፍ ይገባል። ውሃ የማያወጣ ቦይ፣ አፉ ከፍ ብሎ የተቀበረ ቱቦ፣ በደንብ ያልተጠቀጠቀ የድልድይ መዳረሻ የሚጋለጡት ነሐሴ ላይ ነው፤ በዚህ ጊዜ የተገኘ ጉድለት የሚጠገነው በተቋራጩ ወጪ ነው።

በርክክቡ ዝርዝር ውስጥ በብዛት የሚረሳው ተለዋጭ መንገዱ ነው። ዋናው ሲከፈት መኪናው ሁሉ ወደዚያ ይዞርና ጊዜያዊው እንዳለ ይተዋል። ጎኑ ላይ የተቀበረው ቱቦ በቆሻሻ ተደፍኖ በመጀመሪያው ጎርፍ ውሃውን ወደ አዲሱ መንገድ ግርጌ ይመልሰዋል፤ የተጠቀጠቀው ማሳም ለባለቤቱ ሳይመለስ ይቀራል። የገረጋንቲ ማውጫው ጉድጓድ ውሃ ሲጠራቀምበት ከብትና ልጅ የሚገባበት ኩሬ ይሆናል። ጉድጓዱ ዳሩ ተስተካክሎ፣ ወደ ጎን የተገፋው የላይ አፈር ተመልሶ፣ የተለዋጩ ቱቦ ተነቅሎና ማሳው ጠለቅ ተደርጎ ታርሶ ባለይዞታው ካልፈረመ በስተቀር የመጨረሻው ክፍያ አለመለቀቁ በውሉ ውስጥ ሊገባ የሚችል ነገር ነው፤ በአንዳንድ ውሎችም ገብቷል። ባለይዞታው የሚፈርመው ግንቦት ከመግባቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ የእርሻ ጊዜው ስለሚያልፍበት።